ከባድ ብረትና ትንሽ ወፍ፤ ስለ ባጂ የመጀመሪያ ሸክላ

ለሃያሲ ከአንድ የሙዚቃ ቡድን የመጀመሪያ ሸክላ የበለጠ ለፍርድ የሚያስቸግር ሥራ ጥቂት ነው። ድክመቱን ዘርዝሮ ይንቀፈው ወይስ ለወደፊት ተስፋው ሲል ይለፈው? ከሁለቱም የሚሻለው፣ ይህ ሥራ የራሱ የሆነ ምን ይዞ መጣ? ብሎ መጠየቅ ነው። ባጂ የተባለው የዌልስ ቡድን በ1971 በራሱ ስም ሰይሞ ያወጣውን የመጀመሪያ ሸክላ የምንመረምረውም በዚሁ ጥያቄ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባጂ በ1967 በካርዲፍ ከተማ ተመሠረተ። በሸክላው ላይ የምንሰማቸው ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ቤዝ ጊታር እየተጫወተ የሚዘፍነው በርክ ሼሊ፣ ጊታር ተጫዋቹ ቶኒ ቦርጅ እና ድራም መቺው ሬይ ፊሊፕስ። ባጂ ማለት ሰዎች በሽቦ ቤት ውስጥ የሚያሳድጓት ትንሽ በቀቀን ናት። ሄቪ ሜታል፣ ማለትም «ከባድ ብረት» ለተባለ ሙዚቃ እንዲህ ያለ ስም ማውጣት ቀልድ ይመስላል። የሥራው ቁልፍ የሚገኘው ግን ከዚሁ ቀልድ ውስጥ ነው።

ሸክላው የተቀዳው በዌልስ፣ በሞንመዝ አጠገብ ባለው የሮክፊልድ ስቱዲዮ ነው። ሮክፊልድ ኪንግስሊና ቻርልስ ዋርድ የተባሉ ወንድማማቾች የቤተሰባቸውን የእርሻ ግቢ ወደ ድምፅ መቅጃነት የለወጡበት፣ ሙዚቀኞች እዚያው እያደሩ የሚሠሩበት ቦታ ነው። ቀረጻውን የመራው ሮጀር ቤይን ሲሆን፣ ብላክ ሳባዝ የተባለውን የበርሚንግሃም ቡድን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሸክላዎች ያዘጋጀውም እሱው ነው። በዚህም የተነሣ ባጂን የሳባዝ ጥላ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል። የአዘጋጁ እጅ እንዳለበት አይካድም፤ የጊታሩ ውፍረትና የምቱ ክብደት ይመሳሰላሉ። ይሁንና ሳባዝ አድማጩን ወደ ጨለማና ወደ ፍርሃት ሲመራ፣ ባጂ እየቀለደ ይሸከማል። ሸክሙ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ አረማመዱ የተለየ ነው።

«ገትስ» የተሰኘው የመክፈቻ ዘፈን ይህን በግልጽ ያሳያል። ቤዙና ጊታሩ አንዲት አጭር የዜማ ሐረግ ይዘው፣ አንድ ግንድ እንደ ተሸከሙ ሁለት ሰዎች እርምጃቸውን አስተካክለው ይጓዛሉ። አንዱ ቢያፈጥን ሌላው ይወድቃል። የሼሊ ቀጭንና ከፍ ያለ ድምፅ ከዚህ ክብደት በላይ እንደ ወፍ ይንሳፈፋል። ወዲያው «ኤቭሪሲንግ ኢን ማይ ሃርት» ይከተላል፤ አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ፣ በለሆሳስ የተዘፈነ የፍቅር ዘፈን። ወደ መጨረሻው ደግሞ «ዩ ኤንድ አይ» በሁለት ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ተመሳሳዩን ትንፋሽ ይሰጠናል። እነዚህ ሁለት አጫጭር ዘፈኖች ክፍተት መሙያ አይደሉም። ጩኸቱ የአቅም ማነስ መሸፈኛ ሳይሆን በምርጫ የተወሰደ መንገድ መሆኑን የሚመሰክሩልን እነሱ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ግን ስለ ይዘት መነጋገር ግድ ይሆናል። ካርዲፍ በድንጋይ ከሰል ንግድ ያደገች የወደብ ከተማ ናት። ከእሷ በስተሰሜን በምትገኘው አበርቫን በጥቅምት ወር 1966 የከሰል ማውጫ ዝቃጭ ክምር ተንዶ ትምህርት ቤትና መኖሪያ ቤቶችን በመዋጡ 144 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከነሱም 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። ይህ ሸክላ ከዚያ ኀዘን አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ የተቀዳ ነው። በግጥሞቹ ውስጥ ግን ከሰልም ሆነ ማዕድን ቆፋሪ አይነሣም። ታዲያ ሥራው አገሩን ክዷል ልንል ነው?

ከያኒው በእያንዳንዱ ሥራው ላይ የትውልድ ቦታውን ቁስል ካልጻፈ ዋጋ የለውም የሚለው ፍርድ ኪነ ጥበብን የማስታወቂያ ሰሌዳ ያደርጋል። በሌላ በኩል ዝምታ ሁሉ ጥልቀት ነው ማለትም ሃያሲን ከሥራው ያሰናብታል። ሚዛኑ ባለበት ሲታይ፣ በዚህ ሸክላ ላይ መሣሪያዎቹ የሚናገሩትን ግጥሞቹ አይደርሱበትም። «ሬፕ ኦቭ ዘ ሎክስ» የአሌክሳንደር ፖፕን የ1712 ስላቃዊ ግጥም ርእስ ጠምዝዞ የፀጉር መቆረጥን ነገር ያነሣል፤ ብልኅ ጨዋታ ነው። ስምንት ደቂቃ የሚያልፈው ረጅሙ ዘፈን ግን ዕርቃኗን በጃንጥላ ስለምትወርድና ስለምትበታተን ሴት የሚያወራ እንግዳ ርእስ ተሸክሞ፣ ከርእሱ የሚመጥን ሐሳብ ሳይሰጠን ያልቃል። እዚህ ላይ ቀልዱ ሰሙን አሳምሮ ወርቁን ረስቷል። የምቱ ለውጥና የሦስቱ መደማመጥ ባይታደጉት ኖሮ ርዝመቱ አይቻልም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጊዜ የራሱን ፍርድ ሰጥቷል። አሜሪካዊው ቡድን ሜታሊካ፣ ባጂ በ1971 በነጠላ ሸክላ ያወጣውን «ክራሽ ኮርስ ኢን ብሬን ሰርጀሪ»ን በ1987፣ የ1973ቱን «ብሬድፋን»ን ደግሞ በ1988 እንደገና ተጫውቶ አውጥቷል። ሁለቱም በዚህ ሸክላ በብሪታንያ ዕትም ላይ የሉም፤ የቆሙበት መሠረት ግን እዚህ ተጥሏል። ሼሊ በጥር 2022 በ71 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ ይህ ሸክላ ፍጹም አይደለም። ቃሉ ከዜማው ወደ ኋላ ቀርቷል፤ አዘጋጁም ከሌላ ቡድን ጋር የሠራበትን ድምፅ አልብሶታል። ሆኖም ሦስት ወጣቶች ክብደትንና ርኅራኄን በአንድ ሸክላ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ አንዱ ሌላውን እንዳይውጠው ጠብቀዋል። ለመጀመሪያ ሥራ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሸክላውን ዛሬም ደግመን እንድናዳምጠው የሚያደርገንም ይኸው ነው።