ቀንድ፣ ጣትና እስኪርቢቶ

ስንዝር የማትሞላ የእንጨት ቀንድ ናት። አንዱ አፏ እንደ ጥሩምባ ይሰፋል፤ ሌላው ጫፏ ጆሮ እንዲያርፍበት ጠፍጣፋ ነው፤ መሐሏን ቀዳዳ ያቋርጠዋል። ባትሪ የላትም፣ ገመድ የላትም፣ ቁጥር የምታሳይበት መስኮት የላትም። ፈረንሳዊው ሐኪም አዶልፍ ፒናርድ እ.ኤ.አ. በ1895 ካበጃት ወዲህ በፕላስቲክና በአሉሚኒየምም ትሠራ ጀመር እንጂ ቁመናዋ ብዙም አልተለወጠም። በጤና ጣቢያዎቻችን ፌቶስኮፕ ይሏታል። ዋጋዋ ርካሽ ነው፤ የምትጠይቀው ችሎታ ግን ርካሽ አይደለም።

ጥሩ አዋላጅ ስታዳምጥ ብታዩ መጀመሪያ የሚገርማችሁ እጇን ማንሳቷ ነው። ሰፊውን አፍ የሕፃኑ ጀርባ ባለበት በኩል ሆድ ላይ ታሳርፋለች፣ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ታስጠጋለች፣ ከዚያ ቀንዷን ትለቃታለች። ቀንዷ በሆድና በጆሮ መካከል በአዋላጇ ራስ ጫና ብቻ ተይዛ ትቆማለች፤ ጣት ከነካት የጣቱ ፍትጊያ ራሱ ድምፅ ሆኖ ይገባል። ነፃ የወጣው እጅም ሥራ አይፈታም፤ የእናትየዋን አንጓ ይዞ የልቧን ትርታ ይከታተላል። በቀንዷ ውስጥ ከሕፃኑ ልብ ሌላ የሚሰማ ነገር አለና፤ በማኅፀን የደም ሥሮች የሚያልፈው ደም ሹ፣ ሹ እያለ ከእናት ልብ ጋር እኩል ይሄዳል። ያልተለማመደ ጆሮ እሱን ሰምቶ የሕፃኑን ሰማሁ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። የሕፃኑ ልብ ግን በደቂቃ ከ110 እስከ 160 የሚመታ ፈጣን ልብ ነው። አንጓ ላይ ያለው ጣትና ቀንዷ ላይ ያለው ጆሮ የተለያየ ነገር ሲነግሯት ነው አዋላጇ ሁለት ልብ እየሰማች መሆኗን የምታረጋግጠው። ዓይኗ ሰዓቷ ላይ ነው፤ ሙሉ አንድ ደቂቃ። ሩብ ደቂቃ ቆጥሮ በአራት ማባዛትም ይቻላል፤ ከዚያች ሩብ ደቂቃ በኋላ የመጣ መውረድ ግን አምልጦ ይሄዳል።

ቀንዷ የት እንደምታርፍ የሚነግራት መዳፏ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ክርስቲያን ሊዮፖልድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሥርዓት ያስያዛቸው አራት አያያዞች አሉ፤ አዋላጅ ሁሉ ይማራቸዋል፣ እጅ ላይ የሚያምሩት ግን ለጥቂቱ ነው። አዋቂዋ መጀመሪያ እጇን ታሻሻለች። ቀዝቃዛ እጅ ሆድን ያስደነግጠዋል፤ የደነገጠ ሆድ ይጠጥራል፣ ከጠጠረ ደግሞ ምንም አይናገርም። ከዚያ የጣቶቿን ጫፍ ሰብስባ በመዳፏ ሙሉ ከላይ ትጀምራለች። ጠንካራ፣ ክብ፣ ገፋ ሲያደርጉት ብቻውን ነጠር የሚል ከሆነ ጭንቅላት ነው፤ ለስለስ ብሎ ከቀረው ገላ ጋር አብሮ የሚሄድ ከሆነ መቀመጫ ነው። ቀጥላ ግራና ቀኙን ትይዛለች፤ አንዱ እጅ ደግፎ ሲቆም ሌላው ይፈልጋል። ወጥ ሆኖ የተዘረጋው ጀርባ ነው፤ ጉብ ጉብ የሚለው እጅና እግር። መጨረሻ ላይ ፊቷን ወደ እናትየዋ እግር አዙራ ጣቶቿን ከዳሌው አጥንት በላይ ትሰድራለች። ጭንቅላቱ አምስት ጣት ያህል ከላይ ከተዳሰሰ ገና አልወረደም፤ ሁለት ጣት ከቀረው ዳሌ ውስጥ ገብቷል። ይህን ሁሉ ስታደርግ የምታየው ሆዱን ሳይሆን የሴቲቱን ፊት ነው፤ የሚያማት ቦታ ላይ ሲደርሱ ፊት ቀድሞ ይናገራል።

ይህን ያህል የምዘገየው ምክንያት አለኝ። ያለ መድኃኒት መውለድ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለሌለው ነገር ነው፤ መርፌ የለም፣ ኤፒዱራል የለም፣ ምጥ ማፋጠኛ ግሉኮስ የለም። ያለውን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። በእኛ አገር አብዛኛዋ እናት ኤፒዱራል የሚባል ስለማታገኝ ያለ ማደንዘዣ መውለድ ዕጣዋ እንጂ ምርጫዋ አይደለም። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያለችው እኅቷ ደግሞ በዙሪያዋ ብዙዎቹ ወላዶች ስለሚወስዱት፣ እኔ አልፈልግም የምትል ከሆነ አስቀድማ በወሊድ ዕቅዷ ላይ ታሰፍረዋለች። እኔ ምጥን የማወድስ ሰው አይደለሁም፤ ማደንዘዣ የጠየቀችም ፈሪ አይደለችም። መድኃኒቱን አንሥቶ በቦታው ምንም አለማስቀመጥ ግን ሴትን ብቻዋን መተው ነው። በቦታው የሚቀመጠው የሰው ሥራ ነው፤ እሱም ሲያምር ዝም ስለሚል ምስጋናው ሁሉ «ተፈጥሮ» ወደምትባለው ይሄዳል።

ሥራው ምጥ ከመምጣቱ ከወራት በፊት ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከባለሙያ ጋር እንድትገናኝ ይመክራል፤ ከስምንቱ አምስቱ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ናቸው። ጥሩ አዋላጅ እነዚህን ቀጠሮዎች ግፊት ለክታና ኪኒን ሰጥታ ብቻ አትጨርሳቸውም። «ሌሊት ቢጀምርሽ በምን ትመጫለሽ?» ትላለች። «ደም ቢያስፈልግ ማን ይሰጣል? አብሮሽ የሚገባውስ ማን ነው?» የመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ ቆም ትላለች። እናት፣ ባል፣ እኅት ሊሆን ይችላል፤ የራሷን የምጥ ታሪክ ስታወራ ሰው የምታስጨንቅ ጎረቤት ግን ቤቷ ገንፎ ታገንፋ እንጂ ባትገባ ይሻላል። ይህ የዘልማድ ምክር ብቻ አይደለም። ከ15,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸው ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ፣ ምጥ ላይ ከአጠገባቸው የማይለይ ደጋፊ ያላቸው ሴቶች ምጣቸው አጠር ያለ፣ ያለ መሣሪያ የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ፣ ማደንዘዣ መፈለጋቸውም ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል።

ከዚያ አዋላጇ ለነፍሰ ጡሯ የምጡን ጠባይ ታስተምራታለች። ይነሣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል፤ ሲበረታም ደቂቃ ገደማ ነው፣ ቀጥሎ ዕረፍት አለ። የምትወጣው ትንፋሽ ከምትገባው ትርዘም፣ መንጋጋ ይላላ፣ ትከሻ ይውረድ። ወለል ላይ ተንበርክኮ ወንበር መደገፍን፣ ቁጢጥ ማለትን፣ ዳሌን ማወዛወዝን በራሷ አካል ታሳያታለች። ቁጢጥ ብላ ጎመን ስትቀነጥስ ላደገች ሴት ይህ ትምህርት አይመስላትም፤ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ወንበር ላይ ለምትውለው ግን ሳምንታት የሚፈጅ ልምምድ ነው። ከጤና ተቋም ለራቀችው ደግሞ ዝግጅቱ ቤትን ጥሎ መምጣት ይሆናል። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 የእናቶች ማቆያ ከፈተ፤ ዛሬ በየጤና ጣቢያው ቅጥር ግቢ ውስጥ ማቆያ ማየት የተለመደ ነው። ምጧን እዚያ የምትጠብቅ ሴት ቡና ታፈላለች፣ ከሌሎቹ ጋር ታወጋለች፣ የአዋላጆቹን ፊት ትለምዳለች። በምጥ ሰዓት የማያውቁት ፊት ራሱ ፍርሃት ይጨምራልና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ምጡ ሲመጣ አዋላጇ የምትሠራው ከሩቅ ሲያዩት ምንም የማትሠራ ያስመስላታል። ሴትየዋ ትራመዳለች፣ ባሏ አንገት ላይ ትንጠለጠላለች፣ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። አዋላጇ የእጇን ተረከዝ ከወገብ በታች ባለው ጠፍጣፋ አጥንት ላይ አሳርፋ ምጡ ሲነሣ ትጫናለች፣ ሲወርድ ታላላለች። ጫናው ከምጡ ቀድሞ ከመጣ ያናድዳል፣ ዘግይቶ ከመጣ አይጠቅምም። የምትናገረውም በዕረፍቱ ሰዓት ነው፤ በምጡ ጫፍ ላይ አፏን ትዘጋለች። በዕድሜ ከእሷ ያነሰችውን ሴት «አይዞሽ የኔ እናት፣ አልፏል» ስትላት፣ እውነትም ያለፈ ምጥ ላይ ነው የምትላት።

ሌላኛው እጅ ግን ይቆጥራል። አሥር ደቂቃ ሙሉ ሆድ ላይ አርፎ ስንት ምጥ እንደመጣ፣ እያንዳንዱ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ይይዛል። ከዚያ የምጡ ጉዞ የሚመዘገብበት፣ ፓርቶግራፍ የሚሉት ወረቀት አለ። ይህ ወረቀት በተለይ እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1972 ፊልፖትና ካስል የተባሉ ሐኪሞች በያኔዋ ሮዴሺያ፣ በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ከሆስፒታል ርቃ የምትሠራ አዋላጅ ምጥ መጓተቱን በጊዜ አውቃ እናቲቱን እንድታስተላልፍ ብለው ሁለት ሰያፍ መስመሮች አሰመሩበት፤ አንዱ የማስጠንቀቂያ፣ አንዱ የእርምጃ። የማኅፀን በር መከፈት በኤክስ ይመዘገባል፣ የጭንቅላቱ መውረድ በክብ። ከ20 ሰከንድ ያነሰ ምጥ ሳጥኑ በነጥብ ይሞላል፤ እስከ 40 ያለው በሰያፍ ጭረት፤ ከ40 ያለፈው ሙሉ በሙሉ ይጠቁራል። የደከመ ምጥና የበረታ ምጥ ከሁለት ሜትር ርቀት ይለያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 የሴት ሁሉ የማኅፀን በር በሰዓት አንድ ሴንቲሜትር ይከፈት የሚለውን ጥብቅ ልኬት ትቶ፣ በኋላም ሌላ ዓይነት ቅጽ አዘጋጅቷል፤ የእጅ ሥራው ግን ያው ነው። ከወሊድ በኋላ ተቀምጦ የተሞላ ፓርቶግራፍ ካያችሁ ወዲያው ታውቁታላችሁ፤ ቀለሙ አንድ፣ ጫናው አንድ፣ የሕፃኑ ልብ ሁልጊዜ 140። እየተሠራ የተሞላው ግን እስኪርቢቶ የተቀየረበት፣ ጥግ ላይ የረጠበ ነገር የነካው፣ አንድ ነጥብ ተሰርዞ የታረመበት ነው።

የመጨረሻው ክፍል ደቂቃዎች ነው፤ የእጅ ጥበቡ ግን እዚያ ይታያል። አገጩን ደረቱ ላይ የደፋ ሕፃን ለመንገዱ የሚያቀርበው ስፋት 9.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ቀና ያለው 11.5 አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ የአዋላጇ አንድ እጅ ብቅ ባለው ጭንቅላት ላይ አርፎ አገጩ ቶሎ ቀና እንዳይል ያዘገየዋል፤ ሌላው በሞቀ ጨርቅ የተወጠረውን ሥጋ ይደግፋል። «አሁን አትግፊ፤ አፍሽን ከፍተሽ ተንፍሺ።» እዚህ ላይ የሚሰንፍ እጅ ይቸኩላል፤ ሆድ ይጫናል፣ ሁሉንም ሴት በመቀስ ይቆርጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም አይደግፍም። ጥሩዋ ሁለት ምጥ ሙሉ ትጠብቃለች። ጭንቅላቱ ሲወጣ እትብት አንገት ላይ መኖሩን በአንድ ጣት ታያለች፣ ከዚያ እጇን ይዛ ትቆያለች፤ ሕፃኑ ራሱ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል። ቸኩሎ ማዞር ምን ያደርጋል? ሕፃኑን ደረት ላይ ታስተኛለች፣ እትብቱን ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ሳትቆርጥ ትጠብቃለች።

አንድ መርፌ ግን አለ፣ እሱንም ከልቤ እከራከርለታለሁ፤ ሕፃኑ እንደተወለደ ጭን ላይ የሚወጋው 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን። ማኅፀን እንዲኮማተር ያደርጋል፣ ደም መፍሰስን ይከላከላል። ዕቅዴ ንጹሕ ይሁን ብላ እሱንም እምቢ ያለች ሴት ካለች አዋላጇ ቁጭ ብላ ታስረዳት። ዕቅድ ማለት መቼ እንደሚቀየር ማወቅም ነው፤ የሽርት ውኃው አረንጓዴ ሲሆን፣ ልቡ ሲወርድ፣ መስመሩ ሲታለፍ ያለ ኩራት አምቡላንስ መጥራት። ጥሪው ሲዘገይ ምን እንደሚሆን ያዩት ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጥተው፣ በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታሉን ከፍተው፣ በተጓተተ ምጥ የተጎዱ ሴቶችን ሲያክሙ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 የሐምሊን አዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ፤ ከየገጠሩ የመጡ ልጃገረዶችን አስተምሮ ወደየአካባቢያቸው ይመልሳል። ጉዳት ሲሰፋ የኖረ ቤት ጉዳቱ ሳይደርስ የሚያስቀር እጅ ወደ ማሠልጠን መዞሩ አያስገርምም።

ልጁ ተወልዶ፣ እልልታው ቀልጦ፣ ሰው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲል አዋላጇ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ዞር ትላለች። የእንግዴ ልጁን ዘርግታ ክፍልፋዮቹን አንድ በአንድ ትገጥማለች፤ የጎደለ ቁራሽ ካለ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ሽፋኑን ወደ ብርሃን ታነሣለች፣ የተቆረጠውን እትብት ጫፍ አይታ ሁለቱን ቀጭን የደም ሥሮችና አንዱን ሰፊ ትቆጥራለች። ከዚያ ትመለስና የአራሷን እጅ ይዛ ከእምብርቷ በታች ታሳርፈዋለች። «እዚህ ጋ ጠንከር ያለው ይሰማሻል? ማኅፀንሽ ነው። እንዲህ እንደጠነከረ ይቆይ። እኔ በየሩብ ሰዓቱ እመጣለሁ፤ ከላላብሽ ግን እንዲህ እያሸሽ ቶሎ አስጠሪኝ።»