«ራሱ»፣ «ራሱን» እና «በራሱ» በእንግሊዝኛ ትምህርት

ድርጊት ወደ አድራጊው መመለሱን የሚያመለክቱት 8 የእንግሊዝኛ ተውላጠ ስሞች ዘወትር በሠንጠረዥ ይቀርባሉ። በ«ሂምሰልፍ» ትይዩ «ራሱን» ይጻፍና ትምህርቱ በዚያው ያበቃል። ይህ ልማድ ለቃል ጥናት ቢመችም ትርጉምን ለመለየት አይበቃም።

ችግሩ የሚጀምረው ከአማርኛው ነው። «ራስ» የአካል ክፍልም ስም በመሆኑ፣ የአዘዞ ተማሪ «ራሱን ታጠበ» የሚለውን ሲሰማ በቅድሚያ የሚታየው ጠጉሩን የታጠበ ሰው ነው። ገላውን ለታጠበው «ታጠበ» ብቻ ይበቃል፤ የድርጊቱን መመለስ የሚናገረው በግሡ ላይ የተጨመረው ባዕድ መነሻ «ተ» ነውና። ይሁን እንጂ ይኸው «ተ» ሌላም ሥራ አለው። «ሕፃኑ ታጠበ» ሲባል ሕፃኑ ራሱ ይታጠብ ወይም እናቱ ትጠበው ቃሉ አይለይም፤ እንግሊዝኛው ግን ይለያል። «ተያዩ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ተማሪው ይህን በ«ዘምሰልቭስ» ቢተረጉመው፣ እርስ በርስ የተያዩት ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው መስታወት ፊት የቆሙ ይመስላሉ። (ማዕድ የቀረበለት እንግዳ «ሄልፕ ዩርሰልፍ» ሲባል «ራስህን እርዳ» ተብሎ ቢተረጎምለት ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።)

ከሁሉ የከፋው ስሕተት የሚደርሰው «ባይ» የምትለው አጭር ቃል ሳትስተዋል ስትቀር ነው። «ኢትሰልፍ» ከስም ቀጥሎ ብቻውን ሲገባ ያንኑ ስም ያጠነክራል፤ «ባይ ኢትሰልፍ» ግን «ብቻውን፣ ያለ ሌላ ረዳት» ማለት ነው። ማዳበሪያ ብቻውን ምርት አይጨምርም ሲባል ውኃና የተመረጠ ዘርም ያስፈልጋሉ ማለት ነው። ማዳበሪያው ራሱ ምርት አይጨምርም ከተባለ ግን የማዳበሪያው ጥቅም ተካደ። በሰሜን ጎንደር ደጋ ለሚያርስ ገበሬ ልጅ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

አንደኛ ደረጃን በአማርኛ የተማረ ልጅ ወደ ላይኞቹ ክፍሎች ሲያልፍ ሳይንሱንና ሒሳቡን የሚያነበው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ስሕተት ከቋንቋ ክፍለ ጊዜ አልፎ ወደ ሌሎቹ ትምህርቶች ይገባል። ስለዚህ በሠንጠረዡ ፈንታ በአንዲት ቃል ብቻ የሚለያዩ ጥንድ ዓረፍተ ነገሮች ቢቀርቡና ተማሪው የሁለቱን ልዩነት በአማርኛ እንዲያስረዳ ቢደረግ ይሻላል። ሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም የአማርኛውን የ«ተ» ትምህርት ከእንግሊዝኛው አስቀድመው ቢመድቡ፣ መምህሩ ማነጻጸሪያውን በእጁ ይዞ ወደ ክፍል ይገባል።