«የፍጥነት መገደቢያ» ወይስ «የዙር መገደቢያ»? ስለ አንድ የቴክኒክ ቃል አተረጓጐም የቀረበ ሂስ

የቴክኒክ ቃላትን ወደ አማርኛ በመመለስ ረገድ የሚታየው ችግር ብዙውን ጊዜ ከቃላት እጥረት የመነጨ ተደርጎ ይወሰዳል። በእኛ አስተያየት ግን ችግሩ በአመዛኙ የሚመነጨው፣ ተርጓሚው የሚሰይመው ነገር እንዴት እንደሚሠራ አስቀድሞ ካለማጣራቱ ነው። ለዚህ ማስረጃ ይሆነን ዘንድ ከአንድ የጥገና መመሪያ ትርጉም ያገኘነውን አንድ ስያሜ ብቻ ወስደን እንመረምራለን።

መመሪያውን ያየነው በልደታ፣ አብነት አካባቢ በሚገኝ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። ትርጉሙ ስለ አንድ አሮጌ ባለ ቱርቦ የስፖርት መኪና የሚናገር ሲሆን፣ ሞተሩ ከተወሰነ የዙር ቍጥር እንዳያልፍ የሚያደርገውን መሣሪያ «የፍጥነት መገደቢያ» ይለዋል። ይህ ስያሜ ግን በሀገራችን ሌላ ባለቤት አለው፤ መኪና በመንገድ ላይ ከተወሰነ ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሮጥ የሚያግደው መሣሪያ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። መካኒኩም ቃሉን የተረዳው በዚሁ መንገድ ስለ ነበር፣ «መኪናው ከከተማ አይወጣ፤ ይህ ምን ያደርግለታል?» ብሎ መሣሪያውን ሊፈታው ሲዘጋጅ ደረስንበት። ስሕተቱ የአንባቢው ሳይሆን የተርጓሚው ነበር።

የመኪና ፍጥነትና የሞተር ዙር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማርሽ ሳይገባ ቆሞ ነዳጅ የሚሰጠው መኪና ፍጥነት የለውም፤ የሞተሩ ዙር ግን ከጫፍ ሊደርስ ይችላል። በአንጻሩ በከፍተኛ ማርሽ በአውራ ጐዳና የሚሮጥ መኪና ፍጥነቱ ብዙ፣ ዙሩ ግን መጠነኛ ሊሆን ይችላል። ዙር የሚገደብበት ምክንያትም ከመንገድ ደኅንነት ጋር አይገናኝም። በደቂቃ 7,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር በየሰከንዱ ከ116 ጊዜ በላይ ይዞራል ማለት ነው። ፒስተኑን የሚጐትተውና የሚገፋው ኃይል ደግሞ ከዙሩ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ዙሩ ከ6,000 ወደ 7,000 ከፍ ሲል ይህ ኃይል በ36 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከመጠን ሲያልፍም የቫልቮቹ ሞላ ቫልቮቹን በጊዜው መመለስ ይሳነዋል፤ ቫልቩ ከፒስተኑ ጋር ሊጋጭ ይችላል።

መሣሪያው ሥራውን የሚያከናውነው በየትኛው መንገድ እንደ ሆነም ስያሜው ሊያሳይ ይገባል። በአሮጌ መኪናዎች በተለይ ሁለት መንገዶች ይታወቃሉ።

ሀ) ብልጭታን መቁረጥ፦ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ በሚዞረው ክንድ ላይ በሞላ የተያዘች አነስተኛ ክብደት ትገጠማለች። ዙሩ ከገደቡ ሲደርስ ክብደቷ ሞላውን አሸንፋ ወደ ውጭ ትወጣና ወደ ካንዴላው ሊሄድ የነበረውን ብልጭታ ታባክነዋለች።

ለ) ነዳጅን መቁረጥ፦ ሪሌ የሞተሩን ዙር እየተከታተለ፣ ገደቡ ሲታለፍ ወደ ነዳጅ ፓምፑ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ያቋርጣል።

ልዩነቱ ለባለ ቱርቦ ሞተር ተራ ጕዳይ አይደለም። ብልጭታ ብቻ ሲቆረጥ ነዳጁ መግባቱን ስለማይተው፣ ያልተቃጠለው ድብልቅ ወደ ጭስ መውጫው ያልፋል። ቱርቦው ደግሞ የሚሽከረከረው በዚሁ ጭስ ነው፤ ድብልቁ በጋለው ቧንቧ ውስጥ ቢቀጣጠል ተርባይኑን ይጐዳል። እ.ኤ.አ. በ1975 ለገበያ እንደ ቀረበው ፖርሽ 911 ቱርቦ ባሉ መኪናዎች ነዳጅን የመቁረጡ ዘዴ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱን በአንድ ጥቅል ቃል የሚሸፍን ትርጉም መካኒኩን ካልሆነ ቦታ እንዲፈልግ ያደርገዋል።

በውይይት ላይ የሰማናቸው ሌሎች አማራጮችም ሁሉ የሚያዋጡ አይደሉም። «ማቆሚያ» የሚለው ሞተሩ የሚጠፋ ያስመስላል፤ መሣሪያው ግን ለቅጽበት ቆርጦ ዙሩ ሲወርድ መልሶ ይለቃል፤ ሞተሩ ከገደቡ ላይ የሚንተባተበውም ስለዚህ ነው። «የሞተር መጠበቂያ» የሚለውም ከሚገባው በላይ ተስፋ ይሰጣል። አሽከርካሪው በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሳለ በስሕተት ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ቢያስገባ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ያን ጊዜ ብልጭታም ሆነ ነዳጅ ቢቆረጥ ዙሩን የሚያግደው የለም።

«ልጓም» የሚለው ውብ ቃል ነው፤ ነገር ግን ሌላ ቦታ ይፈለጋል። ልጓም ፈረስን ሲወድቅ ብቻ ሳይሆን በጕዞው ሁሉ ይመራል። በናፍታ ሞተር ፖምፓ ውስጥ ያለው ተቆጣጣሪ የነዳጁን መጠን ከዝቅተኛው ዙር እስከ ከፍተኛው ያለ ማቋረጥ የሚመጥን በመሆኑ፣ ልጓም መባል የሚገባው እርሱ ነው።

ስለዚህ በበኩላችን የሚከተለውን እናቀርባለን። ቍጥሩ «የዙር ገደብ»፣ መሣሪያው «የዙር መገደቢያ» ይባል፤ ዓይነቱን ለመለየት ሲፈለግ «ብልጭታ ቆራጭ» ወይም «ነዳጅ ቆራጭ» የሚል ቅጽል ይቅደመው። የናፍታው ተቆጣጣሪ «የዙር ልጓም»፣ የመንገዱ መሣሪያ እንደ ተለመደው «የፍጥነት መገደቢያ» ይሁን። «ቱርቦ»፣ «ካንዴላ»ና «ሪሌ» በጋራዡ አፍ የገቡ በመሆናቸው እንዲተኩ አንጠይቅም።

ከእነዚህ ቃላት አንዱም አዲስ የተፈጠረ አይደለም። «ዙር»ም «ገደብ»ም «ልጓም»ም ከጥንት በእጃችን የነበሩ ናቸው፤ የጐደለው እያንዳንዱን በየቦታው ማዋል ነበር። በአብነቱ ጋራዥ መካኒኩ ነገሩ ሲብራራለት የፈታውን ብሎን መልሶ አጠበቀ። እኛ በአጋጣሚ ባንደርስ ኖሮ ግን የሚያስረዳው የመመሪያው ጽሑፍ ብቻ ነበር። ተርጓሚ ለአንባቢው የሚጽፈው አጠገቡ ቆሞ ሊያብራራለት እንደማይችል አውቆ መሆን አለበት።