ወንበሩና ገላው

በካፊ ኖኖ «ቡሾ» ወንድ ልጅ ነው፣ «ቡሼ» ሴት ልጅ ናት፤ ልዩነቱ የቃሉ መጨረሻ ላይ ነው። አማርኛችንም ቦንጋ ገበያ ላይ እኩያችንን ለማናገር አስቀድሞ «አንተ» ነው ወይስ «አንቺ» ብሎ ይጠይቀናል። በመካከል ለተገኘ ሰው የተረፈን «ሴታሴት» እና «ወንዳወንድ» የሚል ስድብ ነው።

ታዲያ ለእንዲህ ያለው ሰው ስምም ሥራም የሰጠ ሕዝብ በአገራችን ነበር። ቋንቋው እንደ ካፊ ኖኖ ኦሞአዊ የሆነው፣ በደቡብ ኦሞ የሚኖረው የማሌ ሕዝብ ነው። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዶናልድ ዶንሃም እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው «ታሪክ፣ ኃይል፣ ርዕዮተ ዓለም» በተሰኘ መጽሐፉ «አሽቲሜ» ስለሚባሉት ጽፏል። የወንድ ገላ ይዘው ተወልደው የሴት ልብስ ይለብሳሉ፣ የሴት ሥራ ይሠራሉ። የማሌ ንጉሥ የወንድነት ቁንጮ ስለነበረ፣ ለመውለድ የደረሰች ሴት ወደ ውስጠኛው ግቢው አትገባም። የቤቱን ሥራ የሚሠሩት አሽቲሜዎቹ ነበሩ።

ይሄን ያነበበ ጓደኛችን «ይኸው! ጾታን የሚሠራው ኅብረተሰብ ነው» ማለቱ አይቀርም። በዚያው በ1990 ጁዲት በትለርም አሜሪካ ላይ ተቀራራቢ ሐሳብ አሳትማለች። እውነት አለው። ዶንሃም በ1975 ያገኘው አንድ አሽቲሜ ብቻ ነበር፤ እኚያ ሰው በፊት ብዙ እንደነበሩ ነግረውታል። በመቶ ዓመት ውስጥ የሰው ገላ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወንበሩ ነው።

ግን እኚህ ሰው ስለ ራሳቸው ሲናገሩ ወንበሩን አላነሱም። ፈጣሪ ጠማማ አድርጎ እንደሠራቸው፣ ወንድ ቢሆኑ ሚስት አግብተው፣ ሴት ቢሆኑ ባል አግብተው ይወልዱ እንደነበር፣ እሳቸው ግን ሁለቱንም እንዳልቻሉ ነው ያወሩት። ዶንሃም ወንድ ሲላቸው «ሥነ ሕይወታዊ» የሚለውን ቅጽል በቅንፍ አስገብቷል። የእኛ ነቀፌታ እዚህ ላይ ነው። ገላውን ቅንፍ ውስጥ ያስገባው ጸሐፊው ነው፤ ባለቤቱ ግን ከዚያው ከገላቸው ይጀምራሉ። እርግጥ ሰውን በጋብቻና በወሊድ ለክቶ «ጠማማ» የሚለው ሚዛን የጎረቤት ነው። ሕመሙ ግን የጎረቤት አይደለም። አንዱን ይዞ ሌላውን የሚጥል ንድፈ ሐሳብ እኚህን ሰው በግማሽ ነው የሚሰማቸው።

አንባቢ ልብ ብሎ ከሆነ «እሳቸው» ስንል ቆይተናል። አማርኛችን አንድን ሰው ወንድ ወይ ሴት ሳይል የሚጠራው ሲያከብር ነውና። ዶርም ውስጥ «ሴታሴት» እያልን የምንስቅበት ልጅ የአሽቲሜ ወንበር እንኳ የለውም። ከመሳቃችን በፊት እስቲ እናናግረው።