ጎረቤትነት በኮሪደር ይሠራልን?

ሕንፃን እንደ ድርሰት ማንበብ ይቻላል ብለን እናምናለን። አርኪቴክቱ እንዴት እንድንኖር እንደሚፈልግ በግድግዳና በደረጃ ይነግረናል፤ ነዋሪውም በአኗኗሩ መልስ ይሰጠዋል። ለዚህ ሂስ የመረጥነው የሞስኮውን ናርኮምፊን ነው። ሞይሴይ ጊንዝቡርግና ኢግናቲ ሚሊኒስ ነድፈውት፣ ለገንዘብ ኮሚሳሪያት ሠራተኞች መኖሪያ እንዲሆን እ.ኤ.አ. ከ1928 እስከ 1930 ተሠራ።

ዓላማው ግልጽ ነው፦ የማብሰልን፣ የልብስ እጠባንና የልጅ ማሳደግን ሸክም ከየቤቱ፣ በተለይም ከሴቷ ጫንቃ አውርዶ ለጋራ አገልግሎት ማስረከብ። ስለዚህ ከመኖሪያው ጋር በድልድይ የተያያዘ ሌላ ብሎክ ቆመ፤ የምግብ አዳራሽ፣ የስፖርት ክፍልና ቤተ መጻሕፍት ታሰበለት። ትናንሾቹ ቤቶች የተሟላ ወጥ ቤት የላቸውም። ኮሪደሮቹ ግን ሰፋፊና ብርሃን የሚገባባቸው ናቸው፤ ሰው እንዲተላለፍባቸው ብቻ ሳይሆን ቆሞ እንዲጨዋወትባቸው ጭምር።

የጊንዝቡርግን ብልህነት መካድ አይገባም። በዚያው ዘመን ኒኮላይ ኩዝሚን የተባለ አርኪቴክት የሠራተኛውን ቀን በደቂቃ ሸንሽኖ፣ መቼ እንደሚነሣና መቼ እንደሚበላ የሚወስን የጋራ ቤት አቅዶ ነበር። ይኼማ ካምፕ እንጂ ቤት አይደለም! ጊንዝቡርግ ግን ሰው ወደ ጋራ ኑሮ ቀስ በቀስ ይሳባል እንጂ አይገደድም ባይ ነበር፤ ወጥ ቤት ያላቸውንና የሌላቸውን ቤቶች ባንድ ሕንፃ ያስቀመጠውም ለዚሁ ነው።

ታዲያ ምን ሆነ? ነዋሪው ምግቡን ከአዳራሹ እየወሰደ በየቤቱ ይበላ ጀመር። በ1930ዎቹ መንግሥቱ ራሱ ለእንዲህ ዓይነቱ አኗኗር ጀርባውን ሰጠ። ከሕንፃው ሥር፣ በአምዶቹ መካከል የነበረው ክፍት ቦታ ኋላ በክፍሎች ተደፈነ። ከጣሪያው ላይ ደግሞ የገንዘብ ኮሚሳር የነበረው ኒኮላይ ሚልዩቲን የራሱ መኖሪያ ነበረው። እኩልነትን የሚሰብክ ሕንፃ ገና ከአናቱ ራሱን ሲቃረን አይታያችሁም?

ጥፋቱ ሁሉ የመንግሥቱ ነው የሚሉ አሉ። እኛ በከፊል ብቻ እንስማማለን። ሸክሙን ከሴቷ ማውረዱ ትክክል ነበር። ስሕተቱ ሥራውን ከሰው እጅ ወስዶ፣ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ይቀራረባሉ ብሎ መጠበቁ ላይ ነው። ሰው ከሰው ጋር የሚግባባው ይበልጡን አብሮ ሲሠራ ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ግቢ የቆሙት የጋራ ቤቶች፣ ነዋሪው «ኮሚናል» የሚላቸው፣ በግ ለማረድ፣ እንጀራ ለመጋገርና ልብስ ለማጠብ የታሰቡ ናቸው። በውበት ከናርኮምፊን ጋር አይወዳደሩም። ሐሳባቸው ግን፣ በእኛ አስተያየት፣ ይበልጣል፤ ነዋሪው ድሮም በደጁ ከሚሠራው ሥራ ተነሥተዋልና። እርግጥ ነው፣ የሴቷን ጥያቄ አልመለሱም፤ ጋጋሪዋ አሁንም እሷው ነች።

ስለዚህ ኮሚናሉ ለንግድ ሲከራይ ወይም ተቆልፎ ሲቀር «አንድ ክፍል አይደለች እንዴ?» ብሎ ማለፍ አይገባም። ነባር ሰፈሩ ፈርሶ፣ ከእድሩና ከማኅበሩ ተለይቶ ለመጣ ሰው ያቺ ክፍል ከአዲስ ጎረቤቱ ጋር የሚተዋወቅባት ናት። ሥነ ሕንፃ የምታጠኑ ጓደኞቻችን ፕላን ከመንደፋችሁ በፊት፣ ሰዉ ዛሬ ምኑን አብሮ እንደሚሠራ እዩልን። የሚቃወመን ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ እንከራከራለን።