ኮምፓይለሩን ማድመጥ

በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ ለሚሠራ ሰው ኮምፓይለሩ ጮኾ የሚናገረው ስሕተት ቀላሉ ነው። የሚያስፈራው ሁሉም በሰላም ተጠናቀቀ ከተባለ በኋላ የሚመጣው ነው። አንድ ሄደር ውስጥ ባለ ስትራክት ላይ አንዲት ፊልድ ትጨመራለች እንበል። ሄደሩን ከሚጠቀሙት የሶርስ ፋይሎች ብዙዎቹ እንደ አዲስ ኮምፓይል ይደረጋሉ፤ አንዱ ግን ይረሳል። ሌሎቹ ስትራክቱን በአዲሱ ልኩ ያዩታል፣ የተረሳው በአሮጌው። ሊንከሩ ስሞቹ ከተገናኙለት ልኩን አይመረምርም፤ አጣብቆ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ ፕሮግራመሩ ምንም ጥፋት የሌለበትን ኮድ መስመር በመስመር ሲመረምር ይውላል። መጨረሻ ላይ ሁሉንም ደምስሶ ከዜሮ ሲገነባው ችግሩ የት እንደገባ ሳይታወቅ ይጠፋል። «እስቲ ክሊን አድርገህ ሞክር» የሚል ምክር የዘወትር መድኃኒት የሆነበት ቡድን ቢልድ ሲስተሙ ታሟል ብዬ አምናለሁ። ሕመሙም አብዛኛውን ጊዜ የሄደር ጥገኝነት ነው።

ስቱዋርት ፌልድማን እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ላብስ ሜክን ሲሠራ ሕጉ ግልጽ ነበር፤ ውጤቱ ከግብዓቱ ቀድሞ የተጻፈ ከሆነ እንደገና ይሠራ። ሜክ ግን የትኛው ፋይል በየትኛው ላይ እንደሚደገፍ ካልነገሩት አያውቅም። ሄደር ሌላ ሄደርን ይጠራል፣ ያም ሌላውን ይጠራል፤ ይህን ሰንሰለት በእጅ የጻፈ ሰው ዝርዝሩ በሳምንቱ ያረጅበታል። ስለዚህ እንደ ሜክዲፔንድ ያሉ መሣሪያዎች መጡ፤ ሶርሱን ራሳቸው እያነበቡ የኢንክሉድ መስመሮችን ይለቅማሉ። ነገር ግን ኢንክሉድ በኢፍዴፍ ውስጥ ይደበቃል፤ የሚጠራው የፋይል ስም ራሱ ከማክሮ ሊመጣ ይችላል፤ ፍለጋው ከየትኛው ፎልደር እንደሚጀምር የሚወስነው የኮምፓይል ትእዛዙ ነው፤ ኮምፓይለሩ ማንም ሳይነግረው የሚያውቃቸው ማክሮዎችም አሉ። ይህን ሁሉ ሳይሳሳት ለመከተል ያንኑ ፕሪፕሮሰሰር ሁለተኛ መጻፍ ያስፈልጋል። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ እዚህ ላይ ባለቤቱ ኮምፓይለሩ ነው። የትኛውን ፋይል እንደከፈተ የሚያውቀው እርሱ ነውና እርሱን ጠይቆ መልሱን አጥርቶ መስማት ይሻላል።

ጂሲሲና ክላንግ ሲጠየቁ በሥርዓት ይመልሳሉ። «ኤም ኤም ዲ» የሚባለው አማራጭ ሲሰጣቸው ኦብጀክት ፋይሉን እየሠሩ ጎን ለጎን የከፈቷቸውን ሄደሮች በሜክ ሕግ መልክ በትንሽ ፋይል ይጽፋሉ፤ የሲስተም ሄደሮችም እንዲገቡ የፈለገ «ኤም ዲ»ን ይጠቀማል። እኔን ሁልጊዜ ደስ የሚለኝ ከዚህ በስተጀርባ ያለው አስተሳሰብ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገነባ ዝርዝሩ አያስፈልግም፤ ኦብጀክት ፋይሉ ገና ስለሌለ ኮምፓይል መደረጉ አይቀርም። ዝርዝሩ የሚያስፈልገው ለሁለተኛው ጊዜ ነው፤ ለሁለተኛው ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያው መዝግቦታል። ቀድሞ የሚደረግ የቅኝት ዙር በዚህ ቀረ። ከዚህ የሚያመልጠው በቢልዱ መካከል የሚመነጭ ሄደር ነው፤ እርሱ ከኮምፓይሉ ቀድሞ እንዲገኝ ቅደም ተከተሉን ሰው ራሱ መንገር አለበት።

ያችን ትንሽ ፋይል ማንበብ ከላይ ሲያዩት የግማሽ ሰዓት ሥራ ይመስላል። ሁለት ነጥቡ ውጤቱን ከግብዓቶቹ ይለያል፤ ታዲያ በዊንዶውስ ላይ «ሲ» ከሚለው የድራይቭ ፊደል ቀጥሎ ያለው ሁለት ነጥብስ? ወደ ኋላ ያጋደለው ሰረዝ መስመሩ እንደሚቀጥል ይናገራል፣ በስም ውስጥ ያለ ባዶ ቦታን ይጠብቃል፣ በዊንዶውስ ደግሞ ፎልደርን ከፎልደር ይለያል። የዶላር ምልክት ተደግሞ ይጻፋል። የተሰረዘ ሄደርም አለ፤ አሮጌው ዝርዝር ይጠቅሰዋል፣ ፋይሉ የለም፣ ሜክም «ይህን የምሠራበት ሕግ የለኝም» ብሎ ይቆማል። ጂሲሲ ለዚህ «ኤም ፒ» የሚል አማራጭ አለው፤ ለእያንዳንዱ ሄደር ባዶ ሕግ ይጽፍለታል። ኒንጃ የተባለው ቢልድ ሲስተም ከሥሩ ሌላ አቋም ይዟል፤ ከዚህ ዝርዝር የመጣ ፋይል ከጠፋ ኦብጀክቱ አርጅቷል ማለት ነው፣ እንደገና ይሠራ። ትክክለኛው ውሳኔ ይህ ይመስለኛል።

ኒንጃን ኢቫን ማርቲን የጻፈው ለክሮሚየም ነው። ከ30,000 በላይ የሶርስ ፋይሎች ባሉበት በዚያ ፕሮጀክት አንድ ፋይል ከተለወጠ በኋላ ሌሎቹ ቢልድ ሲስተሞች ሥራ ለመጀመር 10 ሰከንድ ይወስዱ ነበር፤ ኒንጃ ከ1 ሰከንድ በታች አወረደው። እነዚያን ሁሉ የዝርዝር ፋይሎች በየጊዜው እንደገና ማንበብ ጊዜ ስለሚበላ፣ ከ1.3ኛው ቅጂ ጀምሮ እያንዳንዱን ኮምፓይሉ እንዳለቀ አንብቦ በአንድ የባይነሪ መዝገብ ውስጥ ያስገባና ፋይሉን ያጠፋዋል።

ነገሩ የሚከብደው ማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ላይ ነው። «ሾው ኢንክሉድስ» የሚለው አማራጩ ዝርዝሩን በፋይል አይጽፍም፤ ለሰው ዓይን ብሎ በስክሪኑ ላይ ያትመዋል። እያንዳንዱ መስመር «ኖት፡ ኢንክሉዲንግ ፋይል፡» በሚል ሐረግ ይጀምራል፤ ቀጥሎ የሄደሩ አድራሻ ይመጣል፣ ከፊቱ ያለው ባዶ ቦታ ብዛትም ሄደሩ በስንተኛ እርከን እንደተጠራ ያሳያል። ማስጠንቀቂያውና ስሕተቱም በዚያው ቧንቧ ይወርዳሉ። ቢልድ ሲስተሙ ሐረጉን ያየበትን መስመር ወደ መዝገቡ ይወስዳል፣ የቀረውን ለሰው ያሳልፋል። ኮምፓይለሩ የሶርሱን ስም ብቻውን በአንድ መስመር የማተም ልማድ ስላለው ኒንጃ በሲ፣ በሲሲ፣ በሲፒፒ የሚያልቅ መስመርንም ይጥላል። በመንገዱ ውስጥ «ፕሮግራም ፋይልስ» ወይም «ማይክሮሶፍት ቪዡዋል ስቱዲዮ» የሚል ካለ የሲስተም ሄደር ነው ብሎ ይተወዋል። ግምት ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

ሐረጉ ግን ይተረጎማል። ቪዡዋል ስቱዲዮ በፈረንሳይኛ፣ በጃፓንኛ ወይም በቻይንኛ ከተጫነ መስመሩ በዚያ ቋንቋ ይወጣል። እንግሊዝኛውን የሚጠብቀው ቢልድ ሲስተም አንድም መስመር አይገጥምለትም። ኮምፓይሉ ተሳክቷል፣ ስሕተት የለም፤ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው «ይህ ፋይል በምንም ሄደር ላይ አይደገፍም» የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ሄደር ቢለወጥ የሚነቃ የለም። በመግቢያዬ ያልኩት በሽታ ሙሉ በሙሉ ይኸው ነው፤ ያውም በአንድ ሰው ማሽን ላይ ብቻ። ምልክቱ አንድ ነው፤ ስክሪኑ በሄደር አድራሻዎች ይጥለቀለቃል። ሲሜክ አንዲት ትንሽ ፋይል ኮምፓይል አድርጎ ሐረጉ በዚያ ማሽን ላይ ምን እንደሚመስል ያያል፣ ለኒንጃም ይነግረዋል። ሐረጉ ባይት በባይት መግጠም ስላለበት የኮንሶሉ ኮድ ፔጅ ከተለየ ይህም ይከሽፋል። «ቪኤስላንግ» የሚባለውን ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል 1033 ማድረግ እንግሊዝኛን ያስመልሳል፤ የሚሠራው ግን የእንግሊዝኛው የቋንቋ ጥቅል ከተጫነ ነው። ማይክሮሶፍት ከቪዡዋል ስቱዲዮ 2019 ቅጂ 16.7 ጀምሮ ዝርዝሩን በጄሰን ፋይል የሚጽፍ አማራጭ ጨምሯል። ለሰው የተጻፈ ንግግር እንደ ውል መያዝ እንደሌለበት ለዓመታት የተለቀመው ያ ሐረግ በበቂ አሳይቷል፤ ጄሰኑን መጠቀም የሚችል ሁሉ ይጠቀም።

የኮምፓይለሩ እውነት አንዳንዴ ከሚፈለገው ይበዛል። በሊነክስ ከርነል ውስጥ የምርጫዎቹ ሁሉ ዝርዝር ያለበት አንድ ሄደር ለሁሉም ፋይል ይሰጣል፤ ቃሉ እንዳለ ቢወሰድ አንድ ምርጫ ሲለወጥ ከርነሉ በሙሉ እንደ አዲስ ይገነባ ነበር። «ፊክስዴፕ» የምትባለው ትንሽ ፕሮግራም ከኮምፓይለሩ ዝርዝር ያንን ሄደር ታወጣና በፋይሎቹ ውስጥ «ኮንፊግ» ብለው የሚጀምሩትን ስሞች ለቅማ፣ ኦብጀክቱን ለእያንዳንዱ ስም በተለየው ባዶ ፋይል ላይ ጥገኛ ታደርገዋለች። ከዚህ ሁሉ የኔ ምርጫ እርሷ ናት።

አንድ ነገር ግን ከእነዚህ መንገዶች ሁሉ ያመልጣል፤ ያልነበረ ፋይል። ኮምፓይለሩ አንድን ሄደር በመጀመሪያው ፎልደር ፈልጎ አጥቶ በሁለተኛው ቢያገኘው የሚመዘግበው ያገኘውን ብቻ ነው። ነገ በመጀመሪያው ፎልደር ተመሳሳይ ስም ያለው ሄደር ቢጨመር ትርጉሙ ተለውጧል፣ መዝገቡ ግን አልተለወጠም። የዳንኤል በርንስታይን «ሪዱ» የተባለው የቢልድ ሲስተም ንድፍ «ይህ ፋይል ከተፈጠረ ንገረኝ» የሚል ትእዛዝ አለው፤ ዋናዎቹ ኮምፓይለሮች ግን በተለመዱት ዝርዝሮቻቸው ፈልገው ያጡትን አይጽፉም። ያን ጊዜ ክሊን ማድረግ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱ ታውቆ ሲደረግ።

ይህን ያነበባችሁ የሲ ባለሙያዎች ዛሬውኑ አንድ ሙከራ አድርጉ። ቢልዳችሁ ተጠናቆ «የሚሠራ ነገር የለም» ሲላችሁ ብዙ ፋይሎች የሚጠሩትን አንድ ሄደር ክፈቱ፣ አንዲት አስተያየት ጨምራችሁ አስቀምጡ፣ እንደገና ገንቡ። አሁንም «የሚሠራ ነገር የለም» ካላችሁ፣ ሌላ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ይህን አስተካክሉ።