ወለል ከመሙላት በፊት

ጀሞ ወይም ለቡ ሴራሚክ እንዳነጥፍ ስጠራ ባለቤቶቹ ብዙ ጊዜ አሸዋና ሲሚንቶ አስጭነው ይጠብቁኛል። «ዝቅ ያለውን ሞላ ሞላ አድርገህ ቶሎ ጨርስልን» ይሉኛል። ችኮላቸው ይገባኛል። ኪራይ እየከፈለ የራሱን ቤት ለሚያስጨርስ ሰው አንድ ወር ብዙ ነው። ቢሆንም ወለሉ ለምን ዝቅ እንዳለ ሳላውቅ አንድ አካፋ አሸዋ አላስገባም።

መጀመሪያ የማነሳው የውሃ ጎማውን ነው። ሌዘር ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ከክፍል ወደ ክፍል በግድግዳ ዞሮ የሚሄደው ግን ጎማው ነው። ውሃውን ባንዱ ጫፍ ቀስ አድርጌ እሞላና ጎማውን ዘርግቼ በጣቴ እየመታሁ አረፋ ፍለጋ እሄዳለሁ። አንዲት አረፋ ከተደበቀች የሁለቱ ጫፍ ውሃ እኩል አይቆምም። ከዚያ ሁለቱንም አፍ ከፍቶ መጠበቅ ነው፤ ውሃው ከፍ ዝቅ እያለ ቆይቶ ሲያርፍ ብቻ እርሳስ ይነካል። እንዲህ አድርጌ ከወለሉ 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቤቱን የሚዞር መስመር አወጣና ወደ ታች እለካለሁ። 103 የመጣበት ጥግ 98 ከመጣበት 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል። ቁጥሩን እዚያው ወለሉ ላይ በጠመኔ እጽፈዋለሁ፤ ባለቤቱ በዓይኑ ሲያየው ክርክሩ ይቀንሳል።

ፎቅ ላይ ከሆንን ክብደት ይመጣል። 5 ሴንቲ ሜትር የሲሚንቶና አሸዋ ሙሌት በካሬ ሜትር 100 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ 20 ካሬ ሳሎን ላይ 2 ቶን መሆኑ ነው። የብዙ ኮንዶሚኒየም ሶሌታ ቀድመው በተመረቱ አግዳሚዎችና በብሎኬት የተሠራ ስለሆነ ይህን ጭነት በዘፈቀደ አልጭንበትም። ከፍ ያለው ሊሾ ብቻ ከሆነ እሱን በመሮ ማውረድ ዝቅ ያለውን ከመሙላት ይሻላል። አቧራው ያስመርራል፣ ጎረቤትም ይቆጣል፤ እኔ ግን ይህን እመርጣለሁ።

ምድር ቤት ላይ ነገሩ ሌላ ነው። በደቡብ አዲስ አበባ ብዙ ቦታ መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ከመግባቴ በፊት ውጪውን እዞራለሁ። የአሸንዳው ውሃ ከግድግዳው ሥር የሚፈስ ከሆነ እሱ ሳይስተካከል የተነጠፈ ሴራሚክ ይነሳል። ከዚያ ወለሉን በመዶሻ እጀታ አንኳኳለሁ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከሥሩ ያለው ሙሌት ሸሽቷል፤ ሰብሮ አውጥቶ፣ እንደገና ሞልቶ መጠቅጠቅ እንጂ ከላይ መደረብ አያድነውም።

መሙላት ግድ ሲሆን ለስላሳውን ሊሾ በመሮ አሻክሬ፣ አጥቤ፣ በደንብ አርሼ ሲሚንቶ በውሃ በጥብጬ እቀባለሁ። ቅቡ ሳይደርቅ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ የሆነውን፣ በእጅ ሲጨበጥ የማይንጠባጠበውን ሙሌት አስከትላለሁ። ከዚያ ለሰባት ቀን ውሃ ማጠጣትና በላስቲክ መሸፈን ነው። ለበዓል እንድንገባ የሚል ባለቤት ይህችን ሳምንት ሊነጥቀኝ ይሞክራል፤ አልሰጥም።

መታጠቢያ ቤቱን ከሳሎኑ ጋር አስተካክለህ አንሳው የሚሉኝ አሉ። እሱንም እምቢ እላለሁ፤ ከበሩ ደፍ ዝቅ ብሎ፣ በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ማፍሰሻው ማዘንበል አለበት።